ሮዜሺያ ያለበት ሰው ከየትኛው ምግብ ይጠንቀቅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጉንጬና አፍንጫዬ በየጊዜው እየጋለ ስለሚያቃጥለኝ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ሮዜሺያ የሚባለው ፊትን የሚያቀላ የቆዳ ሕመም እንደሆነ ተነግሮኛል። የታዘዘልኝን ቅባት በአግባቡ እጠቀማለሁ። ግራ ያጋባኝ የአመጋገቡ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ቡና ይቅር ይላል፣ ሌላው ቲማቲም፣ ሌላው ደግሞ ወተትና ስንዴን ጭምር ይከለክላል። ሁሉንም ከተውኩ ምን ልበላ ነው? በእርግጥ ምግብ ሕመሙን ያባብሳል ወይ?

መልስ 1፦
ያባብሳል፤ ነገር ግን ምግብ ሮዜሺያን ያመጣል ከማለት ይልቅ ሕመሙ ባለበት ሰው ላይ ግለቱንና መቅላቱን ይቀሰቅሳል ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። በዚህ ሕመም የተያዘ ፊት ላይ ያሉ ነርቮችና የደም ሥሮች ለጥቂት ነገር ብዙ ምላሽ ይሰጣሉ። ለምሳሌ በቃሪያ ውስጥ የሚገኘውና ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ሙቀትን የሚለዩትን የነርቭ ተቀባዮች ስለሚያነቃቃ፣ ምግቡ የቀዘቀዘ ቢሆን እንኳ የፊት የደም ሥሮች ይሰፋሉ። አልኮል በበኩሉ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ብዙ ታማሚዎች ከሁሉም በላይ የሚያማርሩት ቀይ ወይንን ነው። ቀረፋ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንና ቸኮሌትም በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱን ሰው የሚያስቸግረው ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲተዉ አልመክርም። የበሉትን፣ የጠጡትን፣ ፀሐይ ላይ የቆዩበትን ሰዓትና የገጠመዎትን ጭንቀት ለጥቂት ሳምንታት በማስታወሻ ይያዙ። ፀሐይና ጭንቀት ከዋነኞቹ ቀስቃሾች መካከል ስለሆኑ፣ እነሱ ካልተመዘገቡ ጥፋቱ ያለ አግባብ በምግቡ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የተጠረጠረውን አንድ ምግብ ብቻ ለጊዜው አቁመው፣ መልሰው ሲበሉት ምን እንደሚከተል ይመልከቱ።

መልስ 2፦
ቡናን በተመለከተ ቶሎ አይፍረዱበት። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመና ከ82,000 በላይ ሴት ነርሶችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ካፌይን ያለበትን ቡና አዘውትረው የሚጠጡት በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ እንደነበር አሳይቷል፤ ካፌይን የወጣለት ቡና ግን ይህ ግንኙነት አልታየበትም። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ሰዎችን ያለ በቂ ምክንያት ከቡና ማራቅ ተገቢ አይመስለኝም። ፊትን የሚያግለው ብዙ ጊዜ የመጠጡ ትኩሳት ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ለብ አድርገው ጠጥተው ይሞክሩት።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቆዳዬ ጠቆር ያለ በመሆኑ መቅላቱ በመስታወት አይታየኝም። በማስታወሻዬ ላይ ምን ብዬ ልመዝግብ?

መልስ 1፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሕመሙ ሳይታወቅ የሚቆየው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱን ይከተሉ፦ ግለት፣ ማቃጠል፣ መወጋት፣ አዲስ የወጣ ሽፍታ፣ እንዲሁም የዓይን መቆርቆርና መድረቅ። ዓይንዎ ከተነካ ግን የማስታወሻውን ውጤት ሳይጠብቁ ለሐኪም ይንገሩ። የሚወስዱት ቫይታሚን ካለ እሱንም ይጻፉ፤ ኒያሲን የሚባለው የቫይታሚን ቢ ዓይነት በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ሮዜሺያ የሌለበትን ሰው ፊት እንኳ ያግላል።