አያቴ የቆሙበት ባቡር ጣቢያ የት ነው?

ቀሃ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። የአያቴን ሣጥን ስናጸዳ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ወጣ። አያቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ታቹ ቅስት በቅስት የሆነ ፎቅ ቤት አለ፣ በጎን ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ ሐውልት ግማሹ ይታያል። ከጀርባው በእርሳስ «ባቡር ጣቢያ ፊት» ይላል። ጎንደር ደግሞ ባቡር ገብቶ አያውቅም! ጎረቤታችን «ይሄማ ጣልያን ሠራሽ ነው፣ የፒያሳችንን ቤቶች አይመስልም?» አሉኝ። የት ነው? ማንስ ሠራው?

ማራኪ፦ አዲስ አበባ፣ ለገሃር! አንበሳው ብቻ ይበቃል። ጣልያን ግን አልሠራውም። ሕንፃው የተመረቀው ኅዳር 1922 ነው፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 1928። የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ነው ያሠራው፣ ስሙም «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ጣቢያ ማለት ነው። እኛ አገር ያረጀ የፈረንጅ ቤት ሁሉ ጣልያን ይባላል። ፒያሳ ላይ ልክ ነን፣ እዚህ ላይ ግን ተሳስተናል።

የአዘዞ ልጅ፦ ማራኪ ልክ ነው። ልጨምርበት። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ጠቅላላው 784 ኪሎሜትር። ጃንሆይም ሚያዝያ 1928 ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ቀሃ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶው መቼ እንደተነሣስ ይታወቃል?

ማራኪ፦ አንበሳውን ያዝ። የቆመው ለጃንሆይ ንግሥ፣ በ1923 ነው። ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደውና እዚያም ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ለዶጋሊ ሙታናቸው ባቆሙት ሐውልት ሥር አስቀመጠው። የዘርዓይ ደረስ ታሪክ ሲነሣ የሚነሣው አንበሳ ይሄ ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ በጃንሆይ ዘመን ተመለሰ። ስለዚህ ፎቶው ወይ ከወረራው በፊት ነው፣ ወይ ከተመለሰ በኋላ። የአያትህን ፊት ደህና አድርገህ እየው።

ቀሃ፦ ጢማቸው ነጭ ነው። ከተመለሰ በኋላ ነው ማለት ነው! ከእርሳሱ ጽሑፍ ሥር «ለገሃር፣ አዲስ አበባ» ብዬ ጨመርኩበት። አሁን ለጎረቤታችን ላሳያቸው እየሄድኩ ነው።