የኤንትሬን ጋቢና በላሜራ መሥራት፦ የትኛው ብረት፣ በየትኛው አሠራር?

የአሰብ መንገደኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከእውነተኛው በ14 እጥፍ የሚያንስ፣ በሬዲዮ የሚነዳ የፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና መሥራት ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ሻንሲው ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሚያመርታቸው የ1 ለ14 የጭነት መኪኖች የአንዱ ሲሆን፣ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ በሻንጣው ይዞልኝ የመጣ ነው። ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ፣ የብረት ባሌስትራና ከኋላ ጥንድ ጎማ ስላለው ሌላ ሻንሲ ከመሠረቱ ለመሥራት አልደፈርሁም። ኤንትሬን የመረጥሁት አባቴ በአሰብ መስመር ተሳቢ እየጎተተ ለረጅም ዓመታት የነዳው እርሱን በመሆኑ ነው። ጋቢናውን በፕላስቲክ ሠርቶ የሚሸጥ ቢገኝ እንኳ መግዛት አልፈልግም፤ ሙሉ በሙሉ ከብረት፣ በሩ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በገዛ እጄ የተሠራ እንዲሆን እሻለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከሽፏል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አልሙኒየም ገዝቼ የጋቢናውን የላይኛውን የፊት ማዕዘን በመዶሻ ላጎብጥ ስሞክር በሁለት ቦታ ተሰነጠቀብኝ፤ ጣራውን ከጎኑ ጋር ያያያዝሁበት ማጣበቂያም መኪናው ጥቂት ሜትር እንደተንቀጠቀጠ ለቀቀ። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሦስት ነገር እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ብረት የትኛው ነው? በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጠው ማዕዘን ሳይሰነጠቅ እንዴት ይወጣል? ጋቢናው በሙሉ ብረት ሲሆን ደግሞ የሪሞቱ ሞገድ ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ ይታገዳል?


ባትላሜራው

ልጄ፣ እኔ የእውነተኛ መኪና አካል በመጠገን ያረጀሁ ሰው እንጂ የአሻንጉሊት ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም ላሜራ ትልቅም ሆነ ትንሽ ጠባዩ አንድ በመሆኑ የማውቀውን እነግርሃለሁ።

አልሙኒየሙ የተሰነጠቀው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሳታለዝበው ስለመታኸው ነው። ማንኛውም ላሜራ በመዶሻ በተመታ ቁጥር እየደነደነ ይሄዳል፤ የደነደነውን መምታት ከቀጠልህ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመካከሉ በእሳት ይለዝባል። የአልሙኒየም ችግሩ እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅህ በ660 ዲግሪ በድንገት መቅለጡ ነው። የቀድሞ ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ላሜራውን ደረቅ የልብስ ሳሙና ትቀባዋለህ፣ ከጀርባው በጋዝ እሳት ቀስ እያልህ ታሞቀዋለህ፣ የሳሙናው ምልክት ወደ ጥቁር ሲያደላ እሳቱን ወዲያው ታነሣለህ። ከዚያ በኋላ በእጅህ እስኪታጠፍ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ይሁን እንጂ እኔ ብሆን ለዚህ ሥራ አልሙኒየምን አልመርጥም፤ በካውያ በሚቀልጥ የብየዳ እርሳስ ስለማይያያዝ በማጣበቂያ ወይም በሪቬት ላይ ጥገኛ ያደርግሃልና። የምመርጠው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በልጅነታችን ከሳርዲን ጣሳ መኪና ሠርተን በሽቦ እየመራን ያደግን ሰዎች ግን አንስቅም። ጣሳው ስስ ብረት ሆኖ ላዩ በቆርቆሮ፣ ማለትም ቲን በሚባለው ማዕድን፣ የተለበጠ ነው፤ እርሳስ እንደ ውኃ ይፈስበታል፣ በተራ መቀስ ይቆረጣል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ቀለሙን ለማጥፋት ግን እሳት አትጠቀም፤ ቆርቆሮው በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ልባጡ ይበላሻል። የቀለም ማጥፊያ ፈሳሽ ተጠቀም።

አሁን ወደ ማዕዘኑ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። የኤንትሬ ግንባር ከፓራብሬዛው በላይ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ስለሚጎብጥ አንድ ወጥ ላሜራ በማጠፍ ብቻ አይገኝም። ከወይራ እንጨት የግንባሩን የቀኝ ግማሽ ቅርጽ ጠርበህ አውጣ፤ ከዚያም የዚያኑ ተቃራኒ የሆነውን የግራውን ማዕዘን እንዲሁ ጥረብ፤ ሁለቱን በአንድ ቅርጽ አወጣለሁ ብለህ አትድከም፤ ግራና ቀኝ አይገጥሙምና። ቁራጩን ላሜራ በመጀመሪያ አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አድርገህ፣ ጫፉ በተድቦለቦለ የእንጨት መዶሻ ከመካከል ወደ ዳር እየመታህ ጎድጎድ አድርገው፤ በወይራው ቅርጽ ላይ አድርገህ የምታስተካክለው ከዚያ በኋላ ነው። ዳር ዳሩ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ሲሸበሸብ አትቁረጠው፤ ሽብሽቡን ከጫፉ ጀምረህ በትንንሽ ምት ወደ ውስጥ ሰብስበው። ላሜራ የሚሰነጠቀው መሰብሰብ የሚገባው ቦታ ላይ ሲዘረጋ ነው። ማዕዘኖቹ ካለቁ በኋላ ጠፍጣፋው ጣራና ጎኑ የሚቆረጡት በእነርሱ ልክ ነው፤ አንተ ግን ከገለጽኸው እንደምረዳው በተቃራኒው ጀምረሃል።


ከኮሎኝ

ባትላሜራው ስለ አሠራሩ የጻፉት እጅግ ጠቃሚ ነው። እኔ የምኖረው ጀርመን አገር ሲሆን፣ የ1 ለ14 የጭነት መኪና እዚህ ብዙ ተከታይ ስላለው በዶርትሙንድ በሚካሄደው የኢንተርሞዴልባው ትርዒት ላይ ከነሐስና ከአልሙኒየም የተሠሩ ጋቢናዎችን በቅርብ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። በቀሩት ሁለት ጉዳዮች ላይ የበኩሌን ልጨምር።

ስለ ክብደት መገመት አያስፈልግም፤ ይሰላል። የጋቢናው ጣራ፣ ጎኖች፣ ፊት፣ ጀርባና ወለል መስኮቶቹ ተቀንሰው 900 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ ብለን እንውሰድ። የ0.5 ሚሊ ሜትር ነሐስ ከሆነ ወደ 380 ግራም ይመዝናል፤ እርስዎ የሞከሩት የ1 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ወደ 243 ግራም ይሆናል፤ የ0.25 ሚሊ ሜትር ጣሳ ግን ከ180 ግራም አይበልጥም። እንግዲህ ቀላል ነው ተብሎ የተገዛው አልሙኒየም ከብረቱ ጣሳ ይከብዳል ማለት ነው። በተጨማሪም ውፍረቱን በ14 ሲያባዙት 1 ሚሊ ሜትር የነበረው የበር ጠርዝ በእውነተኛው መኪና ላይ 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ በር የባንክ ካዝና እንጂ የኤንትሬ በር አይመስልም። ጋቢናው የተቀመጠው በፊት ጎማዎች ላይ በመሆኑ፣ ነሐስን ከመረጡ መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር (ሰርቮ) የብረት ጥርስ ያለውና ጉልበቱ ከተለመደው ከፍ ያለ መሆን አለበት።

የሪሞቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ሙሉ በሙሉ በብረት የተዘጋ ሳጥን ሞገድን በእርግጥ ያግዳል። የዛሬዎቹ ሪሞቶች በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ስለሚሠሩ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በመኪናው ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው መሣሪያ (መቀበያው) አንቴና ልባጡ ተነሥቶ የሚታየው ጫፍ 31 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውም የዚህ ሩብ ስለሆነ ነው። ከብረት መራቅ ያለበት ይህ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መቀበያውን በጋቢናው ውስጥ አያስቀምጡት፤ ኤንትሬ የእንጨት ስፖንዳ ያለው የጭነት ሳጥን ስላለው ከሳጥኑ ወለል በታች አድርገው የአንቴናውን ጫፍ በእንጨቱ ጎን ወደ ላይ ያቁሙት። እንጨት ለሞገዱ እንቅፋት አይሆንም። የጋቢናውንም ላሜራ ለመብራቶቹ እንደ ነጌቲቭ ሽቦ አይጠቀሙበት፤ እውነተኛው መኪና እንዲህ ቢያደርግም እዚህ ላይ አንድ የተላጠ ሽቦ ባትሪውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልክ ይውሰዱ። የኤንትሬ ስፋት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ በ1 ለ14 ከ178 እስከ 179 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ሻንሲው የተነደፈው ለኋለኛ ዘመን መኪና ስለሆነ ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው ውጭ እንዳይቀሩ አስቀድመው ያረጋግጡ። ከፎቶግራፍ ላይ ከመለካት ይልቅ አንድ ቆሞ የቀረ ኤንትሬ አፈላልጎ በሜትር መለካት ይሻላል። መሪው በየትኛው በኩል እንደሆነም ያን ጊዜ ያያሉ፤ በዚያ ዘመን በጣልያን ከባድ መኪኖች ላይ መሪ በቀኝ በኩል መሆኑ የተለመደ ነበር።


ነሐስ ወዳድ

በአክብሮት ከባትላሜራው የምለይበት አንድ ነጥብ አለኝ። ጣሳ ለጠፍጣፋው ክፍል መልካም ነው፤ ለማዕዘኑ ግን 0.5 ሚሊ ሜትር ነሐስ የተሻለ ነው እላለሁ። ነሐስ ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ ድረስ ሲሞቅና ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደገና ስለሚለሰልስ ስህተትን ይቅር ይላል፤ ጣሳ ግን ከተሞቀ ልባጡ ስለሚጠፋ ያለው ዕድል አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት እርሳስ ስለሚያያዙ በአንድ ጋቢና ላይ ተደባልቀው ቢገኙ ከቀለም በኋላ ማንም አይለያቸውም። ከፊት ለፊት እንደ ጺም ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ነጭ ጌጥም ቢሆን ከነሐስ ሽቦ ቢሠሩትና አንዱን ጎኑን በሞረድ ቢያስተካክሉት በደንብ ይቀመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ቁራጭ ላሜራ ብዙ ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ነው። እርሱን በጋዝ እሳት ማሞቅ የሚያወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ስለሚያስከትል በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከር። በአሲድ የታጀበ ብየዳ ካደረጉ ደግሞ ሥራውን በዚያው ምሽት በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይጠቡት፤ እኔ አንድ ጊዜ ለነገ ብዬ ትቼው ከቀለሙ ሥር አረንጓዴ ዝገት ወጥቶ ጣራውን በሙሉ እንደገና ለመላጥ ተገድጃለሁ።


የአሰብ መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋሽ ባትላሜራውንና የነሐስ ወዳድን ምክር አጣምሬ፣ ሁለቱን የግንባር ማዕዘኖች ከነሐስ፣ የቀረውን ከጣሳ ሠርቻለሁ። የቀኙ ማዕዘን በሦስተኛው፣ የግራው በአምስተኛው ሙከራ ወጣ፤ የወይራው ቅርጽ ብቻ ሁለት እሑድ ወስዶብኛል። ጋቢናው ያለ በር 214 ግራም መዝኗል። መቀበያውን ወደ ጭነት ሳጥኑ ካዛወርሁ በኋላ በግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይታዘዛል። ኤንትሬን የለካሁት በአንድ ጋራዥ ጀርባ ጎማ አልባ ሆኖ ከቆመ መኪና ላይ ነው፤ መሪው በእርግጥም በቀኝ ነበር።

አሁን የቀረኝ በሩ ነው። ማጠፊያውን ከምን ልሥራው? በሩን ከጎኑ ላይ ቆርጬ ላውጣው ወይስ ለብቻው ልሥራው? ቆርጬ ሳወጣው የመቀሱ ስፋት ክፍተት ይፈጥርብኛል ብዬ ሰግቻለሁ።


ባትላሜራው

ስጋትህ ትክክል ነው፤ መቀስ ጠርዙን ያጣምመዋል። በሩን ለብቻው ሥራው፤ መጀመሪያ ግን የበሩን መግቢያ ጨርሰህ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እጠፍ፤ ጋቢናውን ጠንካራ የሚያደርገው ይኸው እጥፋት ነው። ከዚያ ወረቀት ከጀርባ ለጥፈህ የመግቢያውን ቅርጽ በመጻፊያ እርሳስ አንሣና በሩን በዚያ ልክ ቁረጥ፤ እስኪገባ ድረስ በቀጭን ሞረድ ብቻ አሳንሰው። ለማጠፊያ የሚሆነው ጫፉ የተቆረጠ የሕክምና መርፌ ነው፤ ሦስት አጫጭር ቁራጭ አድርገህ፣ መካከለኛውን በበሩ፣ ሁለቱን በጋቢናው ላይ በእርሳስ አያይዝ፤ በውስጣቸውም በልካቸው የሆነ የብረት ሽቦ አሳልፍ። እርሳሱ ወደ ቱቦው ውስጥ ገብቶ እንዳይደፍነው ሽቦውን አስቀድመህ በሻማ ጥላሸት አጥቁረው፤ ጥላሸት የነካውን እርሳስ አይይዘውም።

በሚያያዝበት ጊዜ አጠገቡ ያለው የማዕዘኑ ብየዳ እንዳይላቀቅብህ በውኃ የራሰ ጥጥ አድርግበት። ስቱኮም ብትቀባ ከወረቀት ውፍረት አታሳልፈው፤ እጅህ ያወጣውን ቅርጽ ስቱኮ እንዲሸፍነው አትፍቀድ። በሩ ሲዘጋ የጣሳ ድምፅ ከሰጠህ ከውስጥ በኩል ቁራጭ የብስክሌት ካላማዳሪ ለጥፍበት።