ጥቆማ፦ መብራቱ ከድራሙ ለሚዘገይባችሁ

«ለሠርግና ለትንንሽ ኮንሰርት መብራት እሠራለሁ። 12 ኤልኢዲ ፓር (ባለበት ቆሞ ቀለም የሚቀይር መብራት) እና 4 ሙቪንግ ሄድ (ጭንቅላቱ የሚዞር መብራት) አለኝ። ከላፕቶፕ ነው የምነዳቸው፤ ግን ፍላሹ ከድራሙ ይዘገያል። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ላፕቶፑና መብራቱ መሀል የሰካሃትን ዕቃ እያት። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ይህች ዕቃ የዩኤስቢ ኢንተርፌስ ትባላለች፤ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የራሱ ጭንቅላት የለውም። ኤንቴክ ኦፕን ዲኤምኤክስ እንደዚህ ነው፤ በርካሽ የሚሸጡት ስም የለሾችም ብዙዎቹ የሱ ዘመዶች ናቸው። የሲግናሉን ሰዓት የሚጠብቀው ላፕቶፑ ራሱ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል። ቪዲዮ ያጫውታል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፣ ዊንዶውሱ መሀል ላይ አፕዴት ላውርድ ይላል። ሁለተኛው ዓይነት፣ ለምሳሌ ዲኤምኤክስ ዩኤስቢ ፕሮ፣ ውስጡ ትንሽ ፕሮሰሰር አለው። ላፕቶፑ ቁጥሩን ያቀብለዋል፤ በእኩል ምት የሚልከው እሱ ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ቢሆንም እሱን ግዛ።

ይህን የተማርኩት ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ ከሰማያዊ ወደ ወርቃማ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አዘጋጅቻለሁ። ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ የፎቶውን ስላይድ ከኔው ላፕቶፕ ከፈተ። ያ ሁሉ ፓር እንደ አሮጌ ፍሎረሰንት ይርገበገብ ጀመር። የሙሽራዋ አጎት መጥተው «ልጄ፣ ጄነሬተሩ ነው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። ምስኪን ጄነሬተር።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ዲኤምኤክስ፣ መብራቶቹ በኬብል የሚታዘዙበት ቋንቋ ማለት ነው፣ ራሱ ጣሪያ አለው። በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው የሚልከው፤ 512ቱን ቻናል (እያንዳንዱ ለመብራት የሚላክ አንድ ቁጥር ነው) አንድ ዙር ለመጨረስ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰከንድ 44 ዙር ማለት ነው። በዚህ ኬብል ላይ «በሚሊሰከንድ ልክ ይመታል» የሚል ሻጭ ካገኘህ ፈገግ ብለህ እለፈው። ኪውኤልሲ ፕላስ፣ ነፃው ሶፍትዌር ማለቴ ነው፣ ካልነካካኸው በሰከንድ 50 ጊዜ ያሰላል። ለኬብሉ ይበቃል፤ ላንተም ይበቃል። ማጂክኪውም ለኮምፒውተር በነፃ ይወርዳል፣ አቅሙም ትልቅ ነው። ግን አንዳንድ ነገሩ የራሳቸው ሃርድዌር ካልተሰካ አይከፈትም፤ የምትፈልገው ነገር መከፈቱን አስቀድመህ አጣራ።

23 ሚሊሰከንድ በዝቶ ከታየህ ደግሞ ድምፅን አስብ። በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚሄደው። ከስፒከሩ 17 ሜትር የራቀ እንግዳ ድራሙን የሚሰማው 50 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። ለሱ መብራትህ ቀድሟል።

ሌላው፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፣ ሂሳቡ ነው። ዲጄው በ128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) ሲያጫውት አንዱ ምት 468.75 ሚሊሰከንድ ነው። አንተ ሶፍትዌሩ ላይ ፍላሹ በየ0.47 ሰከንድ እንዲመታ ብለህ ጻፍክ። ልዩነቷ 1.25 ሚሊሰከንድ፣ ምንም አይደለችም። በአራት ደቂቃ ዘፈን ግን 512 ምት አለ። 640 ሚሊሰከንድ ወጣህ፤ ከአንድ ምት በላይ። ሶፍትዌሩን ከመስደብህ በፊት ይህችን አስላ። በ120 ቢፒኤም ግን ምቱ ድፍን 500 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ችግሩ የለም፤ ለዚህ ነው «ትናንት ሠርቶልኝ ነበር» የምትለው።

ለባንድ ቁጥር አትጻፍ። ባንዱ ከትዝታ ወደ ጉራጊኛ ሲሻገር ድራመሩም ራሱ ቁጥሩን አያውቀውም። የሶፍትዌሩን የታፕ ቁልፍ፣ ፍጥነቱን ከጣትህ የሚያነበውን፣ ከድራሙ ጋር መታ መታ አድርግ፤ ዘፈኑ ሲሞቅ እንደገና መታ አድርግ።

ሌላ ሰው ደግሞ ከሥር ጠይቋል፦ «እኛ የምንሠራው ውዝዋዜ ነው፤ ሙዚቃው የተቀዳ ነው፣ ሁሉም ምት ተለክቶ ያለቀ። ለኛስ?»

ለእናንተ ታይምኮድ ነው። መብራቱ የራሱን ሰዓት መቁጠር ትቶ የሙዚቃውን ሰዓት ያነባል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሄዳችሁ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ግን ስህተቱ አይጠራቀምም። አሥረኛው ደቂቃ ላይም እንደ መጀመሪያው ነው። ለአንድ ቀን ትርኢት ሶፍትዌር ከመግዛት ኮንሶል (የመብራት መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ) ከነባለሙያው መከራየት ይሻላችኋል። አከራዩን ታይምኮድ እንደሚቀበል ብቻ አትጠይቁት፤ ሰክቶ ያሳያችሁ። «ይሠራል» ተብለን ማታ ላይ ኬብሉ የጠፋብን ጊዜ አለ።

ስትገዛም ሆነ ስትከራይ እዚያው ቆመህ ፈትን። አንዱን ፓር በአንድ ቁልፍ አብራ፤ ጣትህንና መብራቱን አንድ ላይ በስልክህ ስሎሞሽን ቅረጽ። በሰከንድ 240 ፍሬም ከቀረጽክ አንዱ ፍሬም 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ቁልፉ ከተነካበት መብራቱ እስከበራበት ፍሬሙን ቁጠር። አሥር ጊዜ ድገመው። ሁልጊዜ 12 ወይም 13 ከመጣ ግዛው፤ ጣትህ ትለምደዋለች፣ ትንሽ ቀደም ብለህ ትጫናለህ። አንዴ 8 አንዴ 30 ካለ ዕቃውን መልስላቸው።