ጥቆማ፦ ስትሮክ የመታትን እናት ቤት ውስጥ ለማስታመም ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ስትሮክ መቷት ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንቷ፤ አራት ኪሎ ቤታችን ተኝታለች። ግራ ጎኗ አይታዘዝም። እኔም ወንድሜም ሥራ እንውላለን። አስታማሚ፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ አልጋ፣ ከየቱ ልጀምር? ያያችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኛም አባታችንን ሜክሲኮ አካባቢ ሦስት ዓመት ቤት ውስጥ ስላስታመምን የሞከርነውን ልንገርሽ።

ገንዘብሽን አልጋ ላይ አታፍስሺ። እኛ ከፍ ዝቅ የሚል የሆስፒታል አልጋ ገዝተን ነበር፤ አባቴን የጠቀመው ግን በሞተር አየር እየተሞላ ገላ እንዳይቆስል የሚረዳው የአየር ፍራሽ ነው። ተክለሃይማኖት ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ሦስት አራቱን አዳርሺ፤ ሞተሩን ሰክተው ያሳዩሽ። መብራት ሲጠፋ አየሩ ቶሎ የሚወጣ አለ። ፍራሹ ቢኖርም ማገላበጥ አይቀርም፤ ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ጎን ቀይሩላቸው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ወገባቸውን፣ ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን በእጅሽ ዳብሺ። ከሌላው ቦታ የሞቀ ወይም የጠጠረ ካገኘሽ ቁስል እየጀመረ ነው፤ በዚያ ጎን አታስተኟቸው።

አስታማሚ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። አንድ ኤጀንሲ "የሠለጠነች" ብሎ የላከልን ልጅ በሁለተኛው ቀን አባቴን ከአልጋ ስታነሳ የደከመውን እጁን ይዛ ጎተተችው። ትከሻው አብጦ ሁለት ሳምንት ሹራብ ማልበስ አልቻልንም። በልጅቷ አልፈርድም፤ ያሳያት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የተሳካልን በግሏ የምትሠራ ነርስ ለአንድ ሳምንት ቀጥረን ነው። ሥራዋ አባቴን መንከባከብ ብቻ ሳይሆን እኛንና ቤት ያለችውን ልጅ ማስተማር ነበር፤ በአንሶላ ማንሳት፣ ቀና አድርጎ ማብላት፣ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳያስተኙ ማቆየት። ቀጭን ፈሳሽ ትን ስለሚለው አጥሚቱን ወፈር አድርገን እንድናጠጣው ያሳየችን እሷ ናት። የሙያ ፈቃዷን ሳታዪ ግን አትቅጠሪ። ለእኔ ከኤጀንሲውም፣ በደላላ ከምትመጣዋም የሚሻለው ይኼ ነው።

ፊዚዮቴራፒ በመንግሥት ሆስፒታል ክፍያው ቀላል ነው፤ ሰውን አሸክሞ መመላለሱ ግን አድካሚ ነው። እኛ ባለሙያው በሳምንት አንዴ ቤት እየመጣ ያሳየናል፣ በቀሪው ቀን እኛ እናሠራዋለን። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዳያልፉሽ፤ ለውጡ ይበልጥ የሚታየው ያኔ ነው።

መድኃኒት መጀመሪያ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎች ጠይቂ፣ ከዚያ ወደ ግል ሂጂ። የግፊት መድኃኒታቸው አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። አምቡላንስ የቀይ መስቀል 907 ነው፤ ጠብታ 8035 ደግሞ በክፍያ ነው፤ ለቀጠሮ ቀን እኛ የተጠቀምነው እሱን ነው።

መቄዶንያ ውሰጃቸው የሚልሽ አይጠፋም። እዚያ ያለው አልጋ ጧሪ ላጣና ጎዳና ለወደቀ ሰው ይሁን፤ እናትሽ እናንተ አላችሁላቸው።

ሌላ መልስ፦ እህቴ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ሌሊቱ ልጨምር። እናቴን ብቻዬን ሳስታምም እንቅልፍ አጥቼ መድኃኒቷን ሁለቴ ሰጥቻት አውቃለሁ። ካዛንቺስ ሳለን የእድራችን ሴቶች እሁድ እሁድ እየመጡ ይቀመጡላት ነበር፤ እኔ ተኝቼ እነሳለሁ። ሰፈሩ ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ስንበተን ያ ቀረ። አንቺ ጎረቤቶችሽ ዛሬም አጠገብሽ ካሉ ሳታፍሪ ጠይቂ። "ምን እንርዳሽ?" ሲሉሽ "ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡልኝ" በያቸው። ከወንድምሽም ጋር ሌሊቱን በተራ አድርጉት፤ ወንድ ነው ብለሽ አትተዪው። ሕመሙ ካንሰር ለሆነባችሁ ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት ቤት ድረስ ነርስ ይልካል፤ ጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በአንሶላ ማንሳት ያልሽው እንዴት ነው? ትናንት ሽቅብ ስንስባት ጀርባዋ ተላጠብን።

መልስ፦ አይዞሽ። አሮጌ አንሶላ ሁለት እጥፍ አድርገሽ ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው ከሥራቸው አንጥፊ። የደከመውን እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርጊው። አንቺና ወንድምሽ ግራና ቀኝ ቆማችሁ ጠርዙን እስከ ገላቸው ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። "እማዬ፣ ወደ ላይ ልናወጣሽ ነው" በያቸው፤ መመለስ ባይችሉም ይሰማሉ። ከዚያ ሦስት ቆጥራችሁ እኩል አንሱ፤ እንዳትጎትቷቸው።