አንዴ ብቻ የተካሄደ ዋንጫ ከዋንጫ ይቆጠራል ወይ?

የአጂፑ፦ እኛ የጅማ ልጆች ትናንት ማታ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ተለያየን፣ እዚህ እንጨርሰው። ነገሩ በፈረንጆቹ 1953፣ በእኛ 1945 የተካሄደው የኮሮኔሽን ካፕ የሚባለው የእግር ኳስ ዋንጫ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ልትጭን ነው ተብሎ 4 የእንግሊዝና 4 የስኮትላንድ ክለቦች ግላስጎው ላይ ተጠርተው ተጫወቱ። የግላስጎው ክለብ ሴልቲክ ፍጻሜው ላይ ሂበርኒያንን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። የሴልቲክ ደጋፊው ወንድማችን ይቺንም ይቆጥራታል። እኔ ደግሞ የሰርግ ጥሪ ናት ባይ ነኝ።

ሴልቲኩ፦ የሰርግ ጥሪ? አርሰናል የዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ነበር፤ ማንቼስተር ዩናይትድ የዓመት በፊቱ፣ ቶተንሃም ከእሱ የቀደመው። አርሰናልን 1 ለ 0፣ ዩናይትድን 2 ለ 1 ጥለን ነው ፍጻሜ የደረስነው። አርሰናል ላይ ቦቢ ኮሊንስ ከማዕዘን ምት በቀጥታ ነው ያገባው። ሰርግ ላይ እንዲህ ያለ ጎል አይታችኋል?

የቆጪዋ፦ "ጥለን" ነው ያልከው? እዚሁ አብረን አድገን መቼ ግላስጎው ገባህ? ዋናውን ነገር ግን ዘለልከው። ሴልቲክ በዚያ ዓመት በሊጉ 8ኛ ነው የወጣው። የተጠራው ስታዲየም ስለሚሞላ ነው። በውጤት ቢሆን ደጃፉንም አያይም ነበር።

ሴልቲኩ፦ ይሞላል ብለው ጠሩት፣ ሞላዋ! ለፍጻሜው ሃምፕደን ፓርክ 117,060 ሰው ገባ። ደግሞ ስሙ አስጠራው እንጂ ጎሉን ስሙ አላገባለትም፤ ኒል ሞካን ነው ከሩቅ በቀኝ እግሩ የለቀቀው፣ ያውም ግራኝ ሆኖ።

የአጂፑ፦ ለዘውዱ ነው ይላሉ፣ ፍጻሜው ግንቦት 12፣ ዘውዱ የተጫነው ግንቦት 25! ሙሽራዋ ሳትመጣ ድግሱ አለቀ።

መምህሩ፦ ልጆች፣ በእኛ 1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ስንት ጨዋታ ተጫወትን? ሁለት! ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። የተሳተፉት 4 አገሮች ብቻ ናቸው፤ እኛም አዘጋጅ ስለሆንን ያለ ማጣሪያ ነው የገባነው። ይሄም ጥሪ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

የአጂፑ፦ መምህር፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን ይለያያል። በቀጣዩ ውድድር ጋና ላይ ዋንጫችንን ልናስጠብቅ ሄደን 4ኛ ወጣን። ዋንጫ ማለት ይሄ ነው፣ ነገ የሚቀማህ አለ። የኮሮኔሽኑን ማን ይቀማል? ሴልቲክ እስከ ምጽአት ሻምፒዮን ነው እኮ!

የጅሬኑ፦ እኔ ሁለት ልብ ሆኛለሁ። የጅማችን ክለብ አባ ጅፋር በእኛ 2010 የኢትዮጵያን ሊግ ሲበላ የለበስኩት ማሊያ እስካሁን አለ። ከእጥበት ብዛት የ9 ቁጥሯ ጭራ ተልጦ ዜሮ መስላለች። ክለቡ በኋላ ወረደ፤ ያን ዓመት ግን ማንም አይፍቀውም። ለመሆኑ የቆጪዋ፣ ነገ ጅማ ላይ የመታሰቢያ ዋንጫ ቢዘጋጅ አባ ጅፋርን በደረጃው ነው የምትጠሪው ወይስ በስሙ?

የቆጪዋ፦ ያዝከኝ አቦ! ጅማ ላይ ተደግሶ አባ ጅፋር ካልተጠራ ስታዲየሙ ባዶውን ይዋል። በስሙ ይጠራ፣ ይብላም። ግን ከ2010ሯ አጠገብ እንዳታስቀምጧት! መጥራት ሌላ፣ መቁጠር ሌላ።

ሴልቲኩ፦ እኔ አስቀምጣታለሁ። ከፈለግሽ ከታች መደርደሪያ።

ቡና አፍዪዋ፦ እናንተ፣ ትናንት ክለብ ናቸው ብላችሁ 8 ሲኒዬን ረከቦት ላይ ደርድራችሁ፣ የተሸነፈውን እየደፋችሁ ነበር። ሂበርኒያንና ቶተንሃም 1 ለ 1 ወጥተው በድጋሚው ነው 2 ለ 1 ያለቀው ብላችሁ አንዱን ሲኒ አንስታችሁ ሁለቴ ደፋችሁት፣ አይደል? ጠርዙ ተሸርፏል። ቶተንሃምን የሚከፍለኝ ማነው?