«ወላጅ ነው የማይመጣው» ተባልን

የሾላዋ፦ ትናንት ማታ ዜናውን ያየ አለ? የሕጻናትና የቤተሰብ አገልግሎት ስብሰባ ነው፣ ሆቴል ውስጥ፣ የታሸገ ውሃው ተደርድሮ። አንዱ ኃላፊ «ባለድርሻ አካላት በቅንጅት ሊሰሩ ይገባል» አሉ፣ እሺ እሱን ለምደነዋል። ቀጥለው «አገልግሎቱ አለ፣ ወላጅ ነው የማይመጣው» ሲሉ ግን ሪሞቱን ልወረውር ምንም አልቀረኝ። የእህቴ ልጅ 3 ዓመት ሞልቶት አፉን አልፈታም። ጤና ጣቢያ ሪፈር ጻፉላት፣ ሆስፒታል ከወራት በኋላ ነይ አሏት፣ እስከዚያ ከልጆች ጋር ይዋል ብላ ማቆያ ስትጠይቅ ከወረዳ ደብዳቤ አምጪ፣ ወረዳ ስትሄድ የዚህ መታወቂያ የለሽም ከድሮ ቀበሌሽ መሸኛ አምጪ። ይሄን ሁሉ ልጁን ይዛ። እና አልመጣችም?

ሲስተር ቢ፦ እህትሽ ታሳዝናለች፣ ግን ሰውየው ያሉት ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ በር ሳንኳኳ ነው የምውለው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጥበቃው አያስገባም፣ ከገባሁም የምታገኘኝ ሰራተኛዋ ናት፣ «እትዬ የሉም»።

ጎፋ ማዞሪያ፦ «ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም» 😂 ስንት ፐርሰንቱ ነው ሲስተር?

የሾላዋ፦ ሲስተርዬ አንቺን ማለቴ አይደለም። ግን እናት ልጇን በ6 ሳምንት፣ በ10፣ በ14፣ ከዛ በ9 ወር በ15 ወር ታስከትባለች፣ ሰልፉን ታውቂዋለሽ። ያ መምጣት ካልሆነ ምንድነው? ከ15 ወር በኋላ ኬጂ እስኪገባ ልጁን ማን ያየዋል?

ሲስተር ቢ፦ ቫይታሚን ኤ ዘመቻ ላይ እናያለን። በምግብ እጥረት መለኪያዋ ሜትር ክንዱን ለክቼ ቀይ ወይ ቢጫ ከሆነ እልካለሁ። አረንጓዴ ከሆነ ሂጂ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። አያወራም ብዬ ብጽፍስ ማን ያነበዋል?

ሚስ ኬጂ፦ እኔ አላነበውም፣ ምክንያቱም አይደርሰኝም። ምዝገባ ላይ የክትባት ካርድ ኮፒ እንቀበላለን፣ ፋይል ውስጥ ይገባል አለቀ። 4 ዓመቱ ላይ እኔ ጋ ሲመጣ ነው «ይሄ ልጅ አይሰማም እንዴ» የምለው። ጤና ጣቢያው እኮ ከግቢያችን ማዶ ነው። እና 3ቱ ሚኒስቴሮች፣ ትምህርት ጤና ሴቶች ጉዳይ፣ በፈረንጆቹ 2010 ነው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፉን አብረው ያወጡት። ወረቀት ላይ ተቀናጅተናል ማለት ነው።

አገሬን፦ ማጣጣል ፋሽን ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ሄደው ወላጅ የሚያማክሩ ሴቶች ተሰማርተዋል፣ መጫወቻ ቦታ እየተሰራ ነው፣ ከተማዋ ልጅ ለማሳደግ የአፍሪካ ምርጥ እንድትሆን እየተለፋ ነው። መቀንጨርን ለማጥፋት የተገባው የሰቆጣ ቃልኪዳንስ? ጤናው ግብርናው ውሃው አብረው የሚሰሩበት ነው።

ጎፋ ማዞሪያ፦ ምርጥ ከመሆኗ በፊት መሸኛውን ታስቀር። ቃልኪዳኑ በፈረንጆቹ 2015 ወጣ፣ የቀነጨረ ሕጻን በ2016 ከመቶ 38 ነበር በ2019 37። እንኳን ደስ ያለን።

አገሬን፦ ያ የመላው አገር ቁጥር ነው፣ ቃልኪዳኑ የተጀመረው ተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ላይ ነው። ሳታነብ አትሳደብ።

ጎፋ ማዞሪያ፦ መቼ ተሳደብኩ? ደስ ያለን ነው ያልኩት።

ማሚ ለንደን፦ እዚህ ልጅ 2 ዓመት አካባቢ ሲሆን ሄልዝ ቪዚተሮቹ፣ ሕጻናትን የሚከታተሉት ነርሶች፣ ናቸው የሚያዩት፣ የኔ ልጅ አላወራ ሲል ወደ ስፒች ቴራፒ፣ የንግግር ሕክምና ማለት ነው፣ የጻፈችው ራሷ ነርሷ ናት፣ እኔ አንድ ወረቀት አልተሸከምኩም።

ጎፋ ማዞሪያ፦ ዲያስፖራዋ መጣችልን። እዛ ሶሻል የሚሉት የመንግሥት ማኅበራዊ አገልግሎት ልጅ ይቀማል አይደል እንዴ?

ማሚ ለንደን፦ እሱን ፈርተው በር የማይከፍቱ የኛ ሰዎች አሉ፣ እውነት ነው። እዚህም ገነት ነው አላልኩም። በ2000 ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የ8 ዓመት ልጅ ዘመዷ ቤት ተሰቃይታ ሞተች፣ ሆስፒታሉም ፖሊሱም ሶሻሉም ያውቋት ነበር፣ ሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ይዞ። በ2003 ምርመራው ያን ሲያወጣ ነው በ2004 የሕጻናት ሕጉ የተቀየረው። ግን ማንም ተነስቶ ዘመድ ነው ያላመጣት አላለም።

አገሬን፦ ለንደንን ከአዲስ አበባ ጋር ማወዳደር ምን የሚሉት ነው፣ በጀታቸውን አይተሽዋል?

ሚስ ኬጂ፦ መንገድ ተሻግሮ «ይሄን ልጅ እዪልኝ» ለማለት የምን በጀት?

አገሬን፦ በራስሽ ተነስተሽ የምትሄጂው ነገር አይደለም፣ አሰራር አለው፣ በደብዳቤ ነው።

የሾላዋ፦ ይኸውላችሁ። ደብዳቤውን ወላጅ ትሸከማለች፣ አንዱ ጋ ከቀረች «አልመጣችም»።

ሲስተር ቢ፦ ሚስ፣ ስለ መንገድ መሻገር ካነሳሽ አይቀር፣ ባለፈው አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹን ልይ ብዬ ሄጄ ዘበኛው መልሶኛል። የናንተ እንዳይሆን ብቻ።

ሚስ ኬጂ፦ መቼ ነው? ፈተና ላይ ከነበርን ሰው አናስገባም።

ጎፋ ማዞሪያ፦ የኬጂ ፈተና?

ሚስ ኬጂ፦ ምዘና ነው የሚባለው። ደግሞ ስትመጣ ደውላ ትምጣ፣ እኛም ፕሮግራም አለን።

ሲስተር ቢ፦ በየትኛው ስልክ? ካርድ እንኳን ከኪሴ ነው የምሞላው።