የከሰል ማዕድን አቧራ፦ ማስክ ብቻ ይበቃል?

ቀይ ሄልሜት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ከመሬት በታች የሚቆፈር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከገባሁ ብዙ አልሆነኝም፤ ገና የጀማሪ ቀይ ሄልሜት ነው የማደርገው። የምሠራው ጣሪያው እንዳይናድ ድንጋዩን እየበሳ ረጅም ብሎን የሚያስገባው ማሽን (ቦልተር) ላይ ነው። ማሽኑ አቧራውን እየሳበ ሳጥን ውስጥ ያጠራቅማል። ሳጥኑን የምገለብጠው ደግሞ እኔ ነኝ፤ አዲስ ሰው አይደለሁ! ከዚያ በኋላ ግራጫ ነገር እተፋለሁ። አለቃዬ «ማስክ አድርግ፣ በቃ» ይለኛል። እውነት ይበቃል?

የድሮ ቦልተር፦
ወንድሜ፣ አይበቃም። የዚህ አገር ሕግ ራሱ አቧራውን የሚገፋው አየርና የሚያረጥበው ውሃ የሚሠሩትን ሥራ ማስክ እንዲተካ አይፈቅድም። ጢም ካለህማ ጭራሽ ፊትህ ላይ አይገጥምም።

ግራጫ የሆነው የምትበሳው ድንጋይ ስለሆነ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ ለሳንባ ከከሰሉም ይብሳል። ስለዚህ ሳጥኑን ሳትከፍት አየሩ ከየት እንደሚመጣ እይ። ነፋሱ በጀርባህ ይሁን። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ከረጢት አለ፣ እሱን ጠይቅ፤ አቧራው እንደታሰረ ይወጣል። ማጣሪያውን እያጋጨህ አታራግፍ፣ ይቀየርልህ። ከሰል የሚቆርጠው ማሽን አየሩ በሚመጣበት በኩል እየሠራ ከሆነ ደግሞ የሱንም አቧራ ትስባለህ። የሥራውን ቅደም ተከተል ማስተካከል የአለቃህ ፋንታ ነው።

ቀይ ሄልሜት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አየር የሚመራው መጋረጃ ግን የሚስተካከለው አቧራ መለኪያው ሠራተኛ ላይ የሚታሰር ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘዋለሁ። ብናገር አያባርሩኝም?

የድሮ ቦልተር፦
ይሄማ የቆየ ጨዋታ ነው! ለፌዴራሉ የማዕድን ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኤምሻ አመልክት። ስምህን ለኩባንያው አይሰጡም። በዚህ ምክንያት ማባረርም ሕገወጥ ነው። የሚፈቀደው የከሰል አቧራ ከፍተኛ መጠን በሜትር ኪዩብ አየር 2 ሚሊግራም ነበር፤ ከነሐሴ 2016 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ 1.5 ሆኗል። መጋረጃው መሬት ላይ ከተኛ ይሄ ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

ነርሷ፦
ከመሃል ልግባ። የደረት ራጅ ተነስተሃል? አዲስ ማዕድን ሠራተኛ ሥራ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ መነሳት አለበት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ይደገማል። አንተ ምንም አትከፍልም። ውጤቱ የበሽታ ምልክት ካሳየ አቧራ ወደሚያንስበት ቦታ መዛወር ትችላለህ፤ ደሞዝህን አይቀንሱም።

ቀይ ሄልሜት፦
ራጁን ተነስቻለሁ። ከረጢቱን ዛሬ ጠየቅኩ፣ «ታዟል» አሉኝ።

የድሮ ቦልተር፦
መቼ እንደታዘዘም ጠይቃቸው።